አዴ ብርቄ ያሰሩት ክር

ባለፈው ሰሞን ወንድሜ ገመቹ ልጁን ክርስትና አስነሣ። ቡራዩ ነው የሚኖረው። ድንኳኑ ሞልቶ፣ ሰው በልቶ ጠጥቶ ጨዋታ ሲጀመር፣ እንደ ልማዱ የእኔን ነገር አነሣው። "እትዬ ማለት እኮ አንድ ዓመቴን በመቀስ ቆርጣ እሳት ውስጥ የጣለች ሰው ናት" ብሎ ጀመረና እስከ መጨረሻው ተረከላቸው። የሚስቱ ዘመዶች በሳቅ ፈረሱ። እኔም ሳቅሁ፤ በሰው ድግስ ላይ ሌላ ምን ይደረጋል። ቤቴ ስገባ ግን አንጀቴ እርር አለ። ይህን ታሪክ በተረከው ቁጥር አንዳንድ ነገር ከውስጡ ያወጣል። መጀመሪያ ወታደሮቹን አወጣቸው። ቀጥሎ አብሮን የተሳፈረውን ሰውዬ አወጣው። አሁን የቀረው፣ ከአራተኛ ክፍል ያልዘለለች ሴት መቀስ ይዛ የተማረ ወንድሟን ሥራ ስታበላሽ ብቻ ነው። እሱ በአፉ ከተረከው እኔ ደግሞ እንዳየሁት ልጻፈው።

ጊዜው የማስተር ፕላኑ ጊዜ ነበር። አዲስ አበባ ወደ እኛ ልትሰፋ ነው፣ የገበሬው መሬት ሊሄድ ነው ተብሎ አገሩ ሁሉ የተነሣበት። እኔ ሰበታ ነበርኩ፤ ሠላሳ አልሞላኝም፣ ልጄ ሲፈንም ጡት አልጣለችም። ባሌ ለማ ሱሉልታ ፋብሪካ ይሠራ ስለነበር መንገድ በተዘጋ ቁጥር እዚያው ይቀራል። ቤት ውስጥ ያለነው እኔ፣ ሕፃኗና የባሌ እናት አዴ ብርቄ ነን። ገበያ ላይ ምስርና ሽምብራ እቸረችር ነበር፤ ያን ሰሞን ግን ገበያው ቆመ ሲባል ይበተናል፣ ተበተነ ሲባል ይቆማል።

ወሩ ታኅሣሥ ነው። ጤፉ ታጭዶ የተከመረበት፣ የእሸት ሽምብራ ወቅት። በደህናው ጊዜ ቢሆን ከሰበታ ወጣ ብሎ በተፍኪ በኩል ልጆች መንገድ ዳር ቆመው እሸቱን እቅፍ እቅፍ አድርገው ለመኪና ያሳዩ ነበር፤ አንድ እቅፍ ገዝቶ ልጣጩን በመስኮት እየጣሉ መሄድ የዚያ መንገድ ወግ ነው። ያን ዓመት መንገዱ ላይ የሚሸተው የተቃጠለ ጎማ ነበር። ልብስ ላይ ከተያዘ ታጥቦም አይለቅም። የተኩስ ድምፅም ይሰማል፣ አንዳንዴ ከታች ሰፈር፣ አንዳንዴ ከወጨጫ ተራራ በኩል። ሲተኮስ ሕፃኗን ይዤ ከአልጋው ሥር እገባለሁ። አዴ ብርቄ አይገቡም፤ ወገባቸው አይታጠፍም።

ገመቹ ከች ያለው በዚህ መሃል ነው። ዩኒቨርሲቲው ተረብሾ ተማሪው ሲበተን ጊዜ። የመጨረሻ ዓመት የኤሌክትሪክ ተማሪ ነበር። እናትና አባታችን ቶሎ ስላለፉ ያሳደግኩት እኔ ነኝ፤ እህቱም እናቱም ነኝ ማለት ነው። የሰው ልጅ ሲሸሽ ብርድ ልብሱን ይዞ ይሸሻል። የእኔው ብርድ ልብሱን ጥሎ ሦስት ዕቃ በካልሲ ጠቅልሎ መጣ።

ዕቃዎቹ ጣት የሚያካክሉ ጥቁር ፕላስቲኮች ናቸው። በአንድ ጫፋቸው ኮምፒውተር ላይ ይሰካሉ፣ በሌላው ጫፋቸው አንቴና ይገባባቸዋል። ሬዲዮ ናቸው አለኝ። ድምፅ ማውጫ የላቸው፣ ጣቢያ ማዞሪያ የላቸው። "ሬዲዮው ያለው ኮምፒውተሩ ውስጥ ነው፣ በፕሮግራም የተጻፈ ነው። እነዚህ ጆሮዎቹ ናቸው" አለኝ። ከዚያ በኋላ በእኛ ቤት ስማቸው ጆሮ ሆኖ ቀረ።

ለመመረቂያው ሊሠራ ያሰበው ይኸውላችሁ። አንዱን ጆሮ ሰበታ እኔ ጋ፣ አንዱን ቡራዩ አክስታችን ጋ፣ አንዱን ሱሉልታ ለማ ጋ ያስቀምጣል። የአዲስ አበባ ሬዲዮ ጣቢያዎች ከተራራው ወዲያና ወዲህ እንዴት እንደሚሰሙ በሦስቱ ይለካል። ጥሩ፣ ይለካ። ነገር ግን ሦስቱ ጆሮዎች አይስማሙም። አንዱ ጣቢያውን ከቦታው ትንሽ ከፍ አድርጎ ይሰማዋል፣ ሌላው ዝቅ አድርጎ። ታዲያ ለምን ደህና ዕቃ አልገዛህም ስለው በእኔው ገበያ አስረዳኝ። የእያንዳንዱ ነጋዴ ሚዛን የራሷ ጠባይ አላት፣ አንዷ ታበዛለች፣ አንዷ ታጎድላለች። ጠባይዋን ካወቅሽ ጨምረሽ ወይም ቀንሰሽ ትሸጫለሽ፣ ማንም አይጎዳም። ጉዱ የሚፈላው የአንዷን ጠባይ ለሌላዋ የሰጠሽ ዕለት ነው። ይህ ገባኝ። የገባኝም እሱ ብቻ ነው።

ጠባያቸውን የሚያውቀው በስልክ ታወር ነበር። ታወሩ አይሳሳትም አሉ፤ እንደ ትክክለኛ የኪሎ ብረት ነው። ጆሮውን ሰክቶ ታወሩን ያስሰማውና ምን ያህል እንደሳተ ኮምፒውተሩ ላይ ይመዘግባል። ይህም አንዴ ሠርተው የሚገላገሉት ነገር አይደለም። ዕቃው ቀዝቃዛ ሲሆን አንድ ጠባይ፣ ሲሞቅ ሌላ ጠባይ አለው። ስለዚህ ሙቀቱ እንዳይዋዥቅ ብሎ አገልግሌን ወሰደና ጆሮዎቹን በፎጣ ጠቅልሎ እዚያ ውስጥ ጎለታቸው። ሽቦው በክዳኑ ሥር ይወጣል። ምሳ የምቋጥርበት አገልግል ኤሌክትሪክ በላበት። አዴ ብርቄ ፀሐይ ልሙቅ ብለው በር ሲከፍቱ "እማማ፣ ነፋስ አያስገቡብኝ፣ ቁጥሬ ይሄድብኛል" ይላቸዋል። እሳቸውም በሩን ዘግተው "ልጁ ቁጥር አርግዟል" ይሉኛል።

ሌላው መከራ ደግሞ የጆሮዎቹ መመሳሰል ነው። ፋብሪካው ለሦስቱም አንድ ዓይነት መለያ ቁጥር ሰጥቷቸው ኖሮ ኮምፒውተሩም አይለያቸውም። ወረቀት ለጠፈባቸው፤ ሲሞቁ ሙጫው ለቀቀ። በእስክሪብቶ ጻፈባቸው፤ በእጅ ሲነካካ ጠፋ። ቀኑን ሙሉ "እትዬ፣ አሁን መስኮቱ ላይ የነበረው የትኛው ነው?" እንዳለኝ ነው። ልጅ እያጠባሁ፣ ተኩስ እየሰማሁ።

በመጨረሻ የታከታቸው አዴ ብርቄ ናቸው። ጥጥ እየፈተሉ ተቀምጠው፣ "የጎረቤት ዶሮ ሲቀላቀል ምን እናደርጋለን? እግሩ ላይ ጨርቅ እናስራለን" አሉ። ካረጀ ሹራብ ቀይና ጥቁር ተረተሩ፣ ነጩን ከእንዝርታቸው ላይ ወሰዱ። በየጆሮው አንገት ላይ ጠበቅ አድርገው አሰሩላቸው። ገመቹ ጉልበታቸውን ሳመ። ወዲያው ኮምፒውተሩ ላይ የየአንዳንዱን ጠባይ በስሙ አስቀመጠ፤ ቀይ፣ ጥቁር፣ ነጭ።

አሁን የሚሰማ ሰው እንዴት አላያችሁትም ይላል። እኛ የዚሁ አገር ልጆች ነን፤ የአባ ገዳ ባንዲራ ጥቁር፣ ቀይ፣ ነጭ መሆኑን ከሕፃንነታችን እናውቀዋለን፣ ኢሬቻ ላይ ስናየው ነው ያደግነው። ግን ያሰብነው ዶሮ ነው። ሹራቡም ሌላ ቀለም አልነበረውም። ሦስቱ ጆሮዎች ከአገልግሉ ወጥተው እንደ ሰልፈኛ ተደርድረው ጠረጴዛው ላይ ውለው ያድሩ ጀመር።

ያየው ጎረቤታችን ኦቦ ቶሎሳ ነው። ታች ሰፈር ቤት ለቤት እየፈተሹ መሆኑን ሊነግረን መጣ፤ በእጅ አምባር፣ በአንገት ልብስ ቀለም ሳይቀር ሰው እየወሰዱ ነው አለ። ይህን እያለ ዓይኑ ጠረጴዛው ላይ አረፈ። ከጆሮዎቹ ወጥቶ ኮምፒውተር ውስጥ የሚገባውን ሽቦ አየ፣ በመስኮት ወደ ጣሪያ የሚወጣውን አንቴና አየ፣ ቀጥሎ ክሩን አየ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ጫልቱ፣ ይህን ያሰረው ሰው ጤነኛ ነው?" አለኝ።

"እኔ ነኝ" አሉ አዴ ብርቄ፣ ፈትላቸውን ሳያቆሙ።

ኦቦ ቶሎሳ ይቅርታ ጠይቆ ወጣ። እኔ መቀስ አነሣሁ። ገመቹ የት ነበር ብትሉ ጣሪያ ላይ። ከትናንት በስቲያ ጀምሮ ኔትወርክ ጠፍቶ ስለነበር የአንቴና ብረት ይዞ ወጥቶ ታወር ይፈልግልኛል፤ ሰው በጥላው በሚጠረጠርበት ሰሞን። ሦስቱንም ክር ቆርጬ ምድጃው ውስጥ ጣልኩ። አሁንም ቢሆን እቆርጠዋለሁ። ይህን የምለው ድግሱ ላይ ለሳቁት ሁሉ ነው።

ወርዶ ጠረጴዛውን አየና "ክሩስ?" አለኝ።

"እሳት ውስጥ።"

ጆሮዎቹን አንድ በአንድ እያነሣ እያገላበጠ አያቸው። "የትኛው የትኛው ነው ታዲያ?"

"ሦስቱም ያንተ ናቸው" አልኩት።

ያን ዕለት አላናገረኝም። በማግስቱ ሲያናግረኝ ያለው ነገር ከዝምታው ባሰ። የሰበሰበው ሁሉ ባለቤቱ የማይታወቅ ቁጥር ሆኗል፤ እንደገና ታወር ላይ ሊለካቸው ይገባል፤ በታወሩ ፈንታ የሬዲዮ ጣቢያ ሞክሮ አልበቃውም፤ ሰበታ ኔትወርክ የለም፣ ተፍኪ ግን አለ ብለውታል፤ ስለዚህ ተፍኪ ይሄዳል። መንገዱ ድንጋይ ተደርድሮበት፣ በየኬላው ወታደር ቆሞ። "ማሎ ገመቹ" አልኩት፣ ለመንኩት፣ አለቀስኩ። መታወቂያህን አይተው ተማሪ ነህ ቢሉህስ? ተማሪ ነኛ፣ አለኝ። ይህን ሽቦ ቢያገኙብህስ? አስረዳቸዋለሁ፣ አለኝ። ያስፈራኝ ማስረዳቱ ነበር። ገመቹ ሲያስረዳ ሰምታችሁት አታውቁም። ጥያቄው አንድ ከሆነ መልሱ ከኖኅ መርከብ ይጀምራል።

እግሩን ማሰር አልቻልኩም። ስለዚህ አብሬው ልሄድ ቆረጥኩ። ልጅ ያዘለች፣ አገልግል የያዘች ሴት አራስ ጠያቂ ናት፤ አራስ ጠያቂን ደግሞ የሚያስቆም ሰው ብዙ አይደለም። ጆሮዎቹን አገልግሉ ሥር አደረግኩ፣ ጨርቅ ደረብኩባቸው፣ ከላይ ጭኮ ሞላሁበት። ቅቤው የወጣ፣ የተቆላው ገብስ የሚሸት ጭኮ፤ ለሽቦ ማልበሻ የሚገባ አልነበረም። ኮምፒውተሩን ከሲፈን የሽንት ጨርቆች ጋር ዘንቢል ውስጥ ጠቀለልኩት። ገመቹን "አፍህን የከፈትክ እንደሆነ እህት የለህም" አልኩት። አዴ ብርቄ በር ድረስ ወጥተው "ነጋን ገላ፣ በሰላም ግቡ" አሉን።

ጭድ ሊጭን ባዶውን የሚወርድ አይሱዙ አገኘንና ከኋላ ወጣን። አንድ ሰው ቀድሞን ተቀምጦ ነበር፤ በእኔ ዕድሜ የሚሆን ገበሬ፣ አንድ እቅፍ እሸት ጭኑ ላይ። ስሙን አልጠየቅነውም። እሸቱን እየፈለፈለ ለእኔም ለገመቹም ያቀብለናል። የአገልግሉ ሽታ ደርሶት "ጭኮው ለአራሷ ነው ወይስ ለአባትየው?" ሲል ቀለደ። "ለአራሷ። አባትየው ይሽተተው" አልኩት። ሳቀ። እጄን ለመቀበል ስዘረጋ አምባሩን አየሁት። በዶቃ የተሠራ፣ ጥቁር፣ ቀይ፣ ነጭ። እሸቱ አፌ ውስጥ ቀረ። አውልቀው ልለው ፈለግኩ፤ የማላውቀውን ሰው በምን አንደበት? ይህን እያወጣሁ እያወረድኩ ሳለ መኪናው ቆመ።

ወታደሮቹ ሁለት ናቸው። አንደኛው ወደ እኔ መጥቶ ወዴት እንደምሄድ ጠየቀኝ። አራስ ልጠይቅ አልኩት። ክፈቺው አለኝ። ከፈትኩት። ጭኮውን አየ፣ እጁን በጎን ወደ ሥሩ ሰደደ፣ ጨርቁን ገለጠና አንዱን ጆሮ አወጣ።

"ይሄስ ምንድን ነው?"

ገመቹ ወዲያው "ይሄ ተቀባይ ነው፣ እያንዳንዱ የራሱ ስሕተት አለው፣ እኔ ደግሞ..." ብሎ ሲጀምር እግሩን በተረከዜ ረገጥኩት። "የዲሽ ዕቃ ነው" አልኩ። "የአራሷ ቴሌቪዥን አልሠራ ብሎ ነው። ወንድሜ ይሞክራል እንጂ አይችልም።"

"ሦስት ለምን አስፈለገ?"

"አንዱን እንደሚያበላሸው ስለማውቅ።"

ወታደሩ አልሳቀም። ጆሮውን ያገላብጠዋል። አውራ ጣቱ የዕቃው አንገት ላይ ይመላለሳል፣ ልክ ክሩ የነበረበት ቦታ ላይ። ጀርባዬ ላይ ያለችው ልጄ ስትተነፍስ ይሰማኛል። ዕቃውን መለሰው። ክዳኑንም በእጁ ገጠመው፣ በደንብ።

ሁለተኛው ወታደር ግን የገበሬውን እጅ ይዞ ነበር። ይሄ ምንድን ነው አለው፣ አምባሩን። ሰውየው "አምባር ነው። አታውቅም እንዴ?" አለው። በቁጣ አይደለም የተናገረው፤ ከእኔ ጋር ሲቀልድ በነበረበት ድምፅ ነው። አወረዱት። ሹፌሩን ሂድ አሉት። መኪናው ሲነሣ ሰውየው መንገዱ ዳር መሬት ላይ ተቀምጦ ነበር፣ እጁ ራሱ ላይ። የፈለፈለው እሸት ልጣጭ አጠገባችን ነበር። ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅንም። ሰው ጠይቄያለሁ።

ተፍኪ ሽምብራ የምታስረክበኝ ደንበኛዬ አስካለ ቤት ገባን። እውነትም ኔትወርክ ነበረ። ገመቹ ዘንቢሉን ዘርግፎ ኮምፒውተሩን ከፈተ፣ ጆሮውን ሰካ፣ እስኪሞቅ ጠበቀ፣ ታወሩን አስሰማው። ከመዘገበው ጋር አስተያይቶ ይህ ነጩ ነው አለ። ሁለተኛውን ሰካ፣ ጠበቀ፤ ይህ ቀዩ ነው አለ። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ የኮምፒውተሩ ባትሪ አለቀ፤ መብራትም የለም። እኔ ልጮህ ስል እሱ ፈገግ አለ። "ሦስተኛው አያስፈልግም፤ የቀረው ጥቁሩ ነው" አለኝ። ያን ፈገግታ ማየት አቃተኝ። ከሽንት ጨርቅ ጫፍ ቀድጄ፣ ለአንዱ አንድ ቋጠሮ፣ ለአንዱ ሁለት፣ ለአንዱ ሦስት አድርጌ አሰርኩላቸው። ሁሉም የአንድ ጨርቅ፣ ቀለም የሌለው።

"ያ ሰውዬስ?" አልኩት እያሰርኩ።

ኮምፒውተሩን ዘጋና "ተናግሮ ነው እኮ እትዬ። ዝም ቢል ይለቁት ነበር" አለኝ።

"በአምባሩ ነው።"

"በምላሱ ነው።"

ስንመለስ ኬላው ላይ ሰው አልነበረም። ሁለታችንም ግን በልባችን አሁንም እዚያው ኬላ ላይ ቆመን እንከራከራለን። ቀኑ ቢገፋም ቡራዩና ሱሉልታ የሚያደርስ መንገድ ሳይገኝ ቀረ፣ ሁለቱ ጆሮዎች አገልግል ውስጥ ከረሙ፣ መምህሩ ከአንድ ቦታ የተለካ አይበቃም አለው፣ ምረቃው በአንድ ዓመት ዘገየ። ጥፋተኛው መቀሱ ነው ይላል። ተኩሱ አይደለም፣ መንገዱ አይደለም፣ መቀሱ። ያ ሁሉ ካለፈ በኋላ ደግሞ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ለካስ ዕቃዎቹ ውስጥ የየራሳቸውን መለያ ቁጥር ኮምፒውተሩ ራሱ ሊጽፍላቸው ይችል ኖሯል፤ የደቂቃ ሥራ ነው። ለምን አላደረግከውም ስለው "ክሩ ይበቃ ነበራ" አለኝ። እኔ ይህን ሰው ነው በሕይወት ያቆየሁት።

አቆየሁት ስል ደግሞ ማን ያምነኛል? የሚያናድደኝ ይሄ ነው። የደፈረ ሰው ያደረገው ይታያል። የፈራ ሰው ያስቀረው ነገር አይታይም፤ አልሆነምና የለም። ልጅህ ወንዝ ዳር እንዳይሄድ ስትከለክለው፣ ያልሰመጠው ልጅ ተነሥቶ አያመሰግንህም፣ ዋና ከለከልከኝ ይልሃል። ክሩ ቢኖር ያ ወታደር አውራ ጣቱ ላይ ምን ያገኝ ነበር? ምናልባት ምንም። ምናልባት እንደ ዶሮ ክር አይቶ ይመልሰው ነበር። ገመቹ እንደዚያ ነው የሚለው። እኔ ደግሞ መንገድ ዳር የተቀመጠ ሰው አይቻለሁ። ማን ልክ እንደሆነ የሚለካ ታወር የለም።

ገመቹ አሁን ሥራው ሱሉልታ ነው፤ ከቡራዩ በየቀኑ ይመላለሳል። መንገዱ አንድ ቀን ሰላም ነው፣ አንድ ቀን አይደለም። እኔ በየቀኑ እደውላለሁ፣ እሱ በየቀኑ "ደርሻለሁ እትዬ፣ አለሁ" ይለኛል፣ እየተሰላቸ። ከክርስትናው ወዲህ ግን ተቀይሜው አልደወልኩም ነበር። ከትናንት ወዲያ ከሰዓት በኋላ እዚህ ሰበታ ኔትወርክ ጠፍቶ ዋለ። ሲመለስ ስልኩ ወዲያው ጮኸ፤ እሱ ነው።

"የት ጠፍተሽ ነው አንቺ ሰው? ስንቴ ደወልኩ። ሰው እንዲህ ይጠፋል?"

"ኔትወርክ አልነበረም።"

"እሱን መቼ አጣሁት!" አለኝ። "ኔትወርክ ሲጠፋ ምን እንደሚሆን አላውቅም ብለሽ ነው? ጎረቤት ስልክ የለም? አንድ ሰው ልከሽ አለሁ ማለት ያቅትሻል?"

ስልኩን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩና እስኪበቃው ድረስ እንዲቆጣኝ ተውኩት።